በፊደል ስሕተት ስለተወረሰው ዊልቸር

ለክቡር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎ፣ ጉልበትዎና ቁርጭምጭሚትዎ እንደምን ሰነበቱ? እግርዎ ይጽና። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ እግሩ ያልታዘዘለት ሰው በእርስዎ በር ሲያልፍ ምን እንደሚደርስበት በዓይኔ ስላየሁና ለእርስዎም ቢሆን ስለማልመኘው ነው።

እኔ ከገበያው ጀርባ ያለሁት ፀጉር አስተካካይ ነኝ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሕንፃ ለሳኝ ነበር፤ መወጣጫው ላይ ሲራመድ መሬት የረገጠ ስለሚመስል ባልደረቦቹ «ሸረሪት» ይሉታል። ባለፈው ዓመት እንጨቱ ከዳውና ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ከአልጋው ወደ መስኮቱ የሚሄደው በእኔ ጀርባ ሆነ፤ እኔ ሥራ ስውል መስኮቱም ይቀርበታል።

ሐኪሙ «ሮልቫንዳ» የሚባለው ዊልቸር ቀላልም ጠንካራም ነው አለን። ባለሱቁ ዋጋውን ሲነግረን ባለቤቴ «ይበራል እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። ስለዚህ በስልክ ያገለገለ ዕቃ ማሰስ ጀመርኩ። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አለችኝ፤ ስሙን አስተካክሎ የጻፈ ሻጭ ገዢ ይረባረብበታል፣ አሳስቶ የጻፈውን ግን ማንም ፈልጎ ስለማያገኘው ዕቃው በርካሽ ተቀምጦ ዕድለኛውን ይጠብቃል። ምላስ ሊደናቀፍ በሚችልበት ሁሉ እየተደናቀፍኩ ጻፍኩ። «ሎርቫንዳ» ስል ወንበሩ ከነፎቶው ብቅ አለ።

ሻጯ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ስሙ መሳሳቱን፣ ቢያርሙት ገዢ እንደሚጎርፍላቸው አልደበቅኳቸውም። «አይ ልጄ፣ እንደ ሰማሁት ነው የጻፍኩት። እውነቱን የነገረኝን ሰው መልሼ ደግሞ ማንን ልጠብቅ? ውሰደው» አሉኝ። አበባ የተጠለፈበትን ትራስም በእጃቸው አጥበው መረቁልን።

ከዚህ በኋላ ያለው የእርስዎ ውለታ ስለሆነ በቁጥር አስቀምጬ አመሰግናለሁ።

፩ኛ፦ በስልክ የተሸጠ ዕቃ ሁሉ በገበያው በር ርክክብ እንዲደረግበት ስላዘዙ አመሰግናለሁ። በዚህ ምክንያት ሸረሪት ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ መካከል ጎማውን በገዛ እጁ እየገፋ ሄዷል፤ ከርክክቡ ጠረጴዛ እስከ እርስዎ ድረስ። ዘበኛው የመውጫ ወረቀቱ ላይ ስሙን ከማስታወቂያው እንዳለ ገልብጦ ነበርና፣ እርስዎ «ሎርቫንዳ የሚባል ፋብሪካ በመዝገባችን የለም፤ ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ነው» ብለው ወረሱት። ትክክለኛው ስም ከወንበሩ ጀርባ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ባሳይዎት «እኔ የማነበው ወረቀት እንጂ ብረት አይደለም» አሉኝ። ማንበብዎን በዚሁ አረጋገጥኩ።

፪ኛ፦ ወደ ሸረሪት ዞረው «ይነሱ» ስላሉት። እርሱም «መነሳት ብችልማ ወንበሩን ምን ልሁን ብዬ እገዛዋለሁ?» ሲል በሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እርስዎ ግን የሥራ ሰው ነዎትና አልሳቁም። «ሕግ ለሁሉም እኩል ነው» ብለው አዘዙ፤ ሁለት ጥበቃዎችም በብብቱ አንሥተው በተጠቀለለ አሮጌ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡት። ሸረሪት ሱሪውን እየጎተተ እግሮቹን በእጁ ጎን ለጎን አደረጋቸው። አብራን የመጣችው ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለዚህኛው የምስጋና ቃል ስላጣሁ ወደሚቀጥለው ልለፍ።

፫ኛ፦ በመውረሻው ደረሰኝ ላይ «ሮልባንዳ» ብለው ስለመዘገቡት። ከፊደሉ ራስ ላይ አንዲት ሰረዝ አንሥተው ንጹሑን ወንበር ባንዳ አደረጉት። አቤት ልል ብመጣ ጸሐፊዎ «የእርስዎ አቤቱታ ስለ ሎርቫንዳ ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው ሮልባንዳ ነው፤ ስለዚህ የእርስዎን ዕቃ አልያዝንም» ብለው በትሕትና ሸኙኝ። ቤት ገብቼ ስነግረው ሸረሪት «ተወው ጋሼ፣ መስኮቱም አይከፋም» አለኝ። ያን ጊዜ የሰማሁት ድምፅ ባይሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር፤ ሰው ተስፋውን ሲያጥፍ እንደ ሸሚዝ ዝም ብሎ ነው የሚያጥፈው።

፬ኛ፦ ልማድ ክፉ ነው፤ አንድ ቀን ደንበኛ እየጠበቅኩ ስልኬን ሳሻሽ በራስዎ ጽሕፈት ቤት የጨረታ ገጽ ላይ «ሎልባንዳ» የሚል ወንበር አገኘሁ፤ ላዩ ላይ ያ አበባ የተጠለፈበት ትራስ ተቀምጧል። አስመስሎ የተሠራ ነው ብለው የወረሱትን ለሕዝብ መልሰው ሲሸጡ ማየት እንዴት ደስ ይላል! በጨረታው ቀን ሸረሪትን አዝዬ መጣሁ። ሎልባንዳ ብሎ የሚፈልግ ሌላ ፍጡር ስላልተገኘ ያለ ተፎካካሪ አሸነፍን። በዚያው በር ስንወጣ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት፤ ማኅተምዎ ስላረፈበት ሎልባንዳ የሚባል ፋብሪካ በመዝገብዎ መኖር አለመኖሩ አላሳሰብዎትም።

ሸረሪት አሁን ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ይገኛል። ከማዶ አዲስ ሕንፃ እየተለሰነ ነው፤ ከታች ሆኖ «ኧረ ሆዱ አበጠ! ግድግዳ ነው ወይስ እርጉዝ?» እያለ በለሳኞቹ ላይ ይጮኻል። አንዳንዴ ወርደው ያማክሩታል።

እንግዲህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ይነሱ» እንዳሉት፣ በሰው ፊት «ይቅርታ» ይበሉት። ቃሉ ለአፍዎ እንግዳ ከሆነ በየትኛውም አጻጻፍ ይጻፉት፤ እኔ የተሳሳተ ነገር ፈልጌ ማግኘት አውቅበታለሁ።

ሥልጣንዎ እንደ ማኅተምዎ ክብ ሆኖ መጀመሪያም መጨረሻም አይገኝለት፤ ዓይንዎ ከወረቀት፣ ወረቀትዎም ከእጅዎ አይለይ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ለአንድ ወንበር ሁለት ጊዜ የከፈለው ታማኝ ደንበኛዎ፣
ፀጉር አስተካካዩ

ማስታወሻ፦ ወንበሩን ስንረከብ አንዷ ትንሿ የፊት ጎማ አልነበረችም (በኋላ ሌላ አስገጥመናል)። ስንወጣ በኮሪደርዎ የሻይ ጋሪ ሥር ተገጥማ ስትሽከረከር አየናት። ላስመልሳት ስል ሸረሪት ክንዴን ያዘኝ፤ «ተውላቸው ጋሼ። እዚህ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር እሷ ብቻ ናት።»