ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት

ሰኞ፣ ማርች 4
ሁለት ዘይት ቅየራ፣ አንድ ፍሬን። የባሕሩ ነፋስ አላስቆም ስላለኝ በሩን ዘግቼ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጊልማን ሚኒባሱን አመጣ። ኩላሊት እጥበት የሚሄዱትን ስድስት አዛውንቶች በሳምንት ሦስቴ ተራራውን አሻግሮ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ዓርብ ዕለት ዳገቱ ላይ የዳሽቦርዱ መብራቶች ሁሉ በርተው ሞተሩ ጠፋበት። ትንሽ ቆይቶ ሲሞክረው ተነሳ። ዓመታዊ ምርመራው ደግሞ እስከ 15 ነው። ካላለፈ ሰው መጫን አይችልም።

የመመርመሪያ ማሽኑን ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ሰካሁ። ጭጭ...

«ሞተ?» አለ።

«ሶኬቱ ነው እንጂ መኪናውማ አለ። በሽተኛው አፉን ካልከፈተ ምኑን ላክመው ጋሼ?»

አልሳቀም። ባለቤቱ ሱንዶክ ባለፈው መኸር ካረፈች ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ማክሰኞ፣ 5
የሶኬቱ ፊውዝ ተቃጥሏል። ቀየርኩት። ማሽኑ በራ፣ ግን ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር አይነጋገርም። ፊውዝ ደግሞ ዝም ብሎ አይቃጠልም። ምን ነካው?

ረቡዕ፣ 6
አዛውንቶቹ ዛሬ በታክሲ ሄዱ።

ባትሪውን ፈትቼ የመኪናው ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩባቸውን ሁለቱን የመልእክት ሽቦዎች በቴስተር ለካሁ። ስድሳ ኦም። ልክ ነው። ዳሽቦርዱን በክርኔ ገፋ ሳደርገው ዜሮ። ስለቀው ስድሳ። የሆነ ቦታ ይነካካሉ ማለት ነው። ዳገቱ ላይ ሞተሩን ያጠፋውም ይኸው ይሆናል።

ሐሙስ፣ 7
ዳሽቦርዱን ከሥር ፈታሁት። መጀመሪያ ሽታው... ከዚያ ዓሣው። በነጭ ክር የተጠቀለለ ደረቅ ዓሣ፣ ከሶኬቱ ጀርባ ተሸጉጧል። እዚህ ወደቡ አካባቢ መኪና ሲገዛ ያኖሩታል፣ የሚመጣውን መዓት በባለመኪናው ፋንታ እንዲቀበል። ግማሹን አይጥ በልቶታል። ከዚያ ወደ ሽቦዎቹ ዞሯል። መዳቡ ፈጦ ይታያል።

እንዲህ ያለውን ስንቱን አውጥቼ ጥያለሁ። እናቴ ለመጀመሪያ መኪናዬ ያሰረችልኝንም ጥዬዋለሁ። ቆሻሻው ውስጥ አየችው።

ይሄን ያሰረችው ሱንዶክ ናት። ወደብ ላይ መረብ ስትጠግን ነው የኖረችው፣ ቋጠሮዋን አውቀዋለሁ። ባሌን ይጠብቅልኝ ብላ ያኖረችው ነገር መኪናውን ዳገት ላይ አቆመበት... ይሄ እንዴት ይነገራል? እርጥበት ነው ልበለው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ብልሽት ማንንም ዋሽቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ 8
ጋሽ ጊልማን መጣ። «እርጥበት ገብቶበት ነው» አልኩት።

ፊቴን አየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ያለበስኩትን አየ።

«ዓሣው ነው?»

ለካ ያውቃል።

«ሽታው ከጃንዋሪ ጀምሮ አለ። አይጡም ሲኮረትም እሰማዋለሁ። እሷ በእጇ ያስገባችውን እኔ በምን እጄ ላውጣው?»

ተናደድኩ። «ስድስት በሽተኛ ጭነህ ጋሼ? ያንን ዳገት?»

«ጭኜ» አለ። አንገቱን ደፋ።

ጨርቁን ገልጦ ቋጠሮውን በጥፍሩ ይፈታ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ላግዝህ አላልኩትም። ሲጨርስ ዓሣውን ይዞ ወደ ባሕሩ ወረደ። ክሩን ጠረጴዛው ላይ ተወው። ረስቶት ይሆን?

ቅዳሜ፣ 9
ክሩን ለባለቤቴ ለሚኦክ ሰጠኋት። ሦስቴ በሳሙና አጠበችው። ሽታ ከቀረበት አይጡ ይመለሳል።

«አንተ ነህ ይሄን የምታሳጥበኝ?» አለች።

ሐሙስ፣ 14
ሚኒባሱ ምርመራውን አለፈ። የመርማሪዎቹ ማሽን ገና ሲሰካ አነበበ። ምንም ስህተት የለም።

የተበሉትን ሽቦዎች ቆርጬ አዲስ ቀጥያለሁ፣ በይጄ፣ እንደነበሩት አጣምሬ በናስትሮ ጠቅልያለሁ። ከብረቱ ጋር የሚታሰሩት በፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። እኔ በክሩ አሰርኳቸው። ቋጠሮው እንደ ሱንዶክ አላምር አለኝ፣ ሦስቴ ፈትቼ ነው ያሰርኩት።

ጋሽ ጊልማን መኪናውን ሊወስድ መጣና ጎንበስ ብሎ ከመሪው ሥር ዳበሰ። ጣቱ ክሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይይዛል?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ይይዛል ጋሼ። ሽታ ከመጣ ግን በዚያው ቀን ታመጣዋለህ።»

«በዚያው ቀን አመጣዋለሁ።»

እናቴን በሕይወት ሳለች ምነው አንዴ ይቅርታ በጠየቅኳት...

ሥራ ወረቀቱ ላይ «አይጥ የበላው ሽቦ ተጠገነ» ብዬ ጻፍኩ። ክሩን የጻፍኩት እዚህ ብቻ ነው። ነገ ዓርብ ነው፣ ስድስቱን ይዞ ዳገቱን ይወጣል።