ጋሬጣ ሊቅ አይደለም

መስፍኔ፣

«ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ብዬ እንዳልጀምር ያለህበት ሆነህ ትስቅብኛለህ። ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛውን ጀምረነዋል። እኔ ደህና ነኝ። ሜሮንም ደህና ናት፤ ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ግን አማርኛዋ ነገር ዓለሙ ጠፍቶበታል። ባለፈው እሑድ «ማሚ፣ ኤግዛም አለኝ፣ ሶ ቅዳሴውን ስኪፕ ላድርግ፣ ሳዋ?» አለችኝ፤ እንግሊዝኛው አልበቃ ብሏት ስዋሂሊ ጨምራ። የሰው ልጅ ሰብስቤ ፊደል የማስቆጥር ሴት የራሴን ልጅ ከየት ጀምሬ እንደማርም ግራ ገብቶኝ ተውኳት።

ቤቱ ያው እዚሁ ናይሮቢ፣ የላቪንግተኑ ቤት ነው። የተለወጠችው አሮጌዋ መኪናህ ናት። አስጠገንኳት፤ አትቆጣ። አሁን ቁልፉን ሲያዞሩት በአንዴ ትነሳለች። ዘበኛችን ዋፉላ ግን ይህን ሊቀበል አልቻለም። ስንት ዓመት ሲገፋልህ ስለኖረ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ከኋላዋ ዞሮ መዳፉን አሳርፎባት ይቆማል። እኔ አስነስቼ ስሄድ እጁ ባዶውን ይቀርና «ፖሌ ሳና፣ ማማ» እያለ ያጽናናኛል፤ መኪናዋ የዳነች ሳይሆን የሞተች ይመስል።

የምጽፍልህ ግን ስለ መኪናዋ አይደለም፤ ስለ ጋሬጣ ነው። ኢስትሊ ሰፈር እዚያ ምግብ ቤት ቅዳሜ ምሽት ማይክ ጨብጦ የተሰበሰበውን ሰው ስለሚሞልጨው ስለ ኮሜዲያንህ። ስሙን ያወጣለት ሕዝቡ ነው፤ ሳይወጋ የሚያሳልፈው ሰው የለማ። ስንት ቅዳሜ አብረን ሄደን ስንት ቅዳሜ ተኳርፈን ተመለስን! አንተ ሊቅ ነው ትላለህ፣ እኔ ባለጌ ነው እላለሁ። በቄስ ጢም የሚቀልድ ሰው ሊቅ ከተባለ፣ ዕድሜያቸውን በድጓና በቅኔ የፈጁት አባቶች ምን ሊባሉ ነው እልህ ነበር።

ፕሮሰስ ሲጠብቁ ዓመታት ባለፉባቸው ስደተኞች ላይ የቀለደ ቀንማ ትዝ ይልሃል? እናንተ ካናዳ እስክትገቡ ካናዳ ራሷ ቆላ ትሆናለች አላቸው። ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል ክንዴን ይዘህ ዙሪያዬን እንዳይ አደረግኸኝ። ፕሮሰስ ጠባቂዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ፤ የተቆጣነው እኔና ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሩንዳ የመጡት የድርጅት ሰዎች ብቻ ነን። እውነቱን ስለሚናገር እኮ ነው አልከኝ። እውነትማ ሰካራምም ይናገራል አልኩህ። በዚህችው እስከ ሰኞ አኮረፍክ።

ከዚያ ሄድክ። መስፍኔ፣ አንተ ከሞትክ በኋላ የደረሰብኝን ልንገርህ፤ ጠፋህብኝ። ሰው ሁሉ ሊያጽናናኝ እየመጣ ያሞግስሃል። ታጋሽ ነበር ይሉኛል። ሰዓት አክባሪ ነበር ይሉኛል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም ይሉኛል፤ ካርታ ሲሸነፍ አላዩህ። ደጎች ናቸውና ምን እላለሁ፣ «አዎ፣ አዎ» እያልኩ ስሸኝ ከረምኩ። አንድ ቀን መልክህን ላስብ ብል ፎቶው ብቻ መጣብኝ፤ ያ ክራባት ያሰርክበት፣ አንተን የማይመስለው። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ሜሮን ጋሬጣ ካልተናገረ ሞቼ እገኛለሁ አለች። የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ ሽፈራው ደግሞ ያ ሰው ማይክ ከነካ እኔን አትጥሩኝ አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳሎናችን ተቀምጠው ከምሳ እስከ ምሽት ተከራከሩ። ሊቅ ነው፣ ዱርዬ ነው፣ ሟች ይወደው ነበር፣ ሟች የማይወደው ማንን ነበር… አንተ ብትኖር ደስታህን አትችለውም ነበር። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እንደ ሰሎሞን ፈረድኩ፤ ይምጣ፣ እጅ ያስታጥብ፣ አፉን ይዝጋ።

ቀኑ ደረሰ። ጋሬጣ ፎጣ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ማስታጠቢያውን ይዞ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ ቀና ይላል። ጋሽ ሽፈራው ተነስተው የሕይወት ታሪክህን አነበቡ። የሳቸውን ነገር ታውቃለህ፤ ጽሑፉ አንድ ነው፣ ማን ሞተ ሲባል ስም ብቻ ይቀይሩበታል። ካንተ በፊት የተነበበው ለእማማ ብርነሽ ነበር፤ እሳቸውን በደንብ ሳያወጧቸው አንተን አስገቡህ። ስለዚህ አቶ መስፍን በባልትናቸው የተመሰገኑ፣ ሰባት ልጆች ወልደው ያሳደጉ፣ በሰዓት አክባሪነታቸው ለሁላችን አርአያ የሆኑ ተባልክ። ሜሮን በዓይኗ ስድስቱ የት አሉ አለችኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት ያያል። በሙት ዓመት አይሳቅማ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ዓመቱን ሙሉ ሲቀቡህ ከርመው፣ ጭራሽ እማማ ብርነሽን አድርገው ሊመልሱልኝ! ጋሬጣን በዓይኔ ፈለግሁት። ጥግ ላይ ማስታጠቢያውን እንደያዘ ያየኛል። በራሴ ምልክት ሰጠሁት።

ማስታጠቢያውን አስቀምጦ፣ እጁን በፎጣው አድርቆ፣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ወቀሰህ።

መስፍንን ናይሮቢ ያለን ሐበሾች ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አብዛኞቻችን ግን የምናውቀው ከኋላ ነው፣ መኪናውን ስንገፋ አለ። ደርሻለሁ፣ አደባባዩ ጋ ነኝ ሲለን ከስልኩ ውስጥ የሻወር ውሃ ይሰማን ነበር አለ። ጋሽ ሽፈራው ሰዓት አክባሪ ማለታቸው ግን ልክ ነው፣ ከማክበሩ የተነሳ አንድም ቀን ሰዓቱን ቀድሞት አያውቅም አለ። ሰው አሁንም ከንፈሩን እንደነከሰ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እሱ እኮ «በልቻለሁ» ብሎ ይቀመጥና ከሚስቱ ሰሃን ሥጋውን ለቅሞ ይጨርሳል፣ ድንቹን ደግሞ በፍቅር ያጎርሳታል አለ።

ለካ ማይክ ይዞ ሲሳደብ እኛንም ያየን ነበር!

መጀመሪያ የሳቀው ማን መሰለህ? እኔ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ብወትፍም አልሆነልኝም። ድንቹ ሲነሳ እጅህ መጣልኛ። ፎቶው አይደለም፣ አንተ ራስህ። ወጥ የነካው አውራ ጣትህ፣ ሥጋዬን እያላመጥክ «ብዪ እንጂ፣ ከሳሽ እኮ» የምትለኝ። እኔ ስስቅ ሰው ሁሉ እንደተፈቀደለት አዳራሹ ተናጋ። ጋሽ ሽፈራው እንኳ ፊታቸውን በወረቀቱ ከልለው ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ከዚያ አለቀስኩ። ዓመቱን ሙሉ ያለቀስኩት ለዚያ ክራባት ላሰረው ሰውዬ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ላንተ አለቀስኩ።

ቤት ስንገባ ሜሮን «ሶ፣ ማሚ? ሊቅ ነው አይደል?» አለችኝ። ተሰጥኦ አለው አልኳት። ብትለምነኝ፣ ብትስቅብኝ ከዚያች ንቅንቅ አላልኩም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን ኢስትሊ እሄዳለሁ። ባለፈው በአስተማሪዎች ቀለደ፣ እኔን እያየ። ግማሹ አሳቀኝ፣ ግማሹ ተራ ስድብ ነበር። ስመለስ መሪ እንደያዝኩ ለምን ሊቅ እንዳልሆነ ጮክ ብዬ አስረዳሃለሁ። መብራት ይዞኝ ስቆም ከጎኔ ያሉት የማታቱ ታክሲ ተሳፋሪዎች አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል፤ ይዩኝ።

ለሜሮን ያልነገርኳትን ለአንተ ልንገርህ። ያን ቀን አሸንፈኸኛል። ግን አፌን ሞልቼ ሊቅ ነው ያልኩ ቀን ክርክራችን ያልቃል፤ እሱ ካለቀ ካንተ ጋር ምን አወራለሁ? ስለዚህ ቃሌ ይኸው። እንደ ጋሽ ሽፈራው ወረቀት አድርጌ አላስታውስህም። አርፋጁን፣ አኩራፊውን፣ ሥጋዬን በልቶ ድንች የሚያጎርሰኝን መስፍንን ነው የምይዘው፣ እስክንገናኝ ድረስ።

ጋሬጣ ሊቅ አይደለም ብያለሁ። አንተ ደግሞ ነው በል።

ያንተው አልማዝ