ለአባትሽ የተቆጠረልሽ ጸጉር

ሐረር፣ ጥር ፲፱፻፲፱

ይድረስ ማርሴይ ላለችው ልጄ ለጽጌሬዳ። መድኃኔ ዓለም በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። የእኔን ብትጠይቂ ቆሜ እሄዳለሁ።

መርዶ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ የሚያረዳው ነገር ነበር፤ አንቺን ግን የማረዳሽ በወረቀት ነው። አባትሽ ኃይለመስቀል በኅዳር ሚካኤል ዕለት አረፉ።

ፎቶግራፍሽ የደረሰኝ በአርባቸው፣ ቤቱን ሰው ሞልቶት ሳለ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ገላነሽ ከእጄ ነጥቀው ጸጉርሽ እስከ ጆሮሽ ተቆርጦ ቢያዩ፣ «ሰምታለች! ለአባቷ ጸጉሯን ቆረጠች፤ ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው ለቅሶውን እንደ አዲስ አስነሡት። ከጀርባው የጻፍሽው ቀን የመስከረም ነው። ያኔ አባትሽ ለጸጉርሽ የሚላክ ቅቤ ሊገዙ ጊደር መጋላ ገበያ ይመላለሱ ነበር።

ለማማር ነው የቆረጠችው ብዬ በለቀስተኛ ፊት ላዋርድሽ?

ቅቤውን በጅቡቲ በኩል ልኬልሻለሁ። ቢሸትሽም አትድፊው፤ እሳቸው ቀምሰው የመረጡት ነው። ጸጉርሽን በደረቁ አታበጥሪው። በውሃ አርጥበሽ ቅቤውን ቀቢና ከጫፉ ጀምረሽ በጣትሽ ፍቺው፤ ሚዶ ከዚያ በኋላ ነው። ስትተኚ በሻሽ እሰሪው። ለሹሩባ ሲደርስ የሚሠራሽ ሰው ፈልጊ፤ እኔ እንደሆንሁ እጄ አይደርስም።

ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፤ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ዳግመኛ አትቁረጪው። የእኔ መርዶ ሲደርስሽ የምትቆርጪው ይኑርሽ።

እናትሽ ለተማርያም