ተማሪዎችን ገበያተኛ ብሎ ስለቆጠረ ጥናት

ለ፦ ቢዝነስና ሥራ ፈጠራ ፋኩልቲ ዲን ጽሕፈት ቤት
ቀን፦ ግንቦት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ሱቄን ሊያሳጣኝ በተቃረበ ጥናት ላይ የማስተካከያ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎን ከሥራ ማዘናጋት አልፈለግኩም ነበር። ሦስት ቢሮ ተመላልሼ መልስ ስላጣሁ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት።

1. ከግቢው በር ፊት ለፊት ዚፕ፣ ክርና የልብስ ቁልፍ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ፋኩልቲው ለሥራ ፈጠራ ትምህርት እንድተባበር ሲጠይቀኝ ደስ ብሎኝ ፈቀድኩ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች «ውጤታማ ነጋዴ» ተብዬ ሊያዩኝ ይመጣሉ። የመጨረሻ ዓመቶቹ ሱቁን ስለማስፋፋት የንግድ ዕቅድ ይጽፋሉ። የሁለተኛ ዲግሪዋ ተማሪ ደግሞ ሱቁ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚዘጋ በመመረቂያ ጽሑፏ አረጋግጣለች። ሁሉም ጥሩ ውጤት አግኝተዋል።

2. ይህችው ተማሪ ሦስት ሳምንት በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሚገባውንና የሚገዛውን ሰው ቆጥራለች። ከሚገቡት አሥር ሰዎች ስድስቱ ሳይገዙ ይወጣሉ ብላ ጻፈች። ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ልብስ ሰፊ ስፌቱን አቁሞ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስም። የየቀኑን ውሎ የምጽፍበትን ደብተር ከፍቼ ሳየው፣ በእነዚያ ሳምንታት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሠላሳ ሠላሳ እየሆኑ ስድስት ጊዜ መጥተዋል። ሁሉንም ገበያተኛ ብላ ቆጥራቸዋለች። የመጋቢት 11 ውሎ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬም መጡ። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ በሩ ላይ ቆመው ‹ልጆች፣ አንድ ጥቅል ክር ነው የምፈልገው፤ ሰልፉ የምን ነው?› ብለው ሄዱ።»

3. ተማሪዋ አከራዬንም አነጋግራ ስለነበር ለምስጋና የጽሑፏን አንድ ቅጂ ሰጠቻቸው። እሳቸውም «እህቴ፣ ዩኒቨርሲቲ ያጠናውን እኔ ማን ነኝና ላስተባብል? እስክትዘጊ ቁጭ ብዬ ልጠብቅሽ?» አሉኝ። ውሌ ሰኔ 30 ያበቃል፤ አይታደስም። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ተከራይ እኔው ቆሜ እየሸጥኩ መደርደሪያዬን በሜትር ለካ።

4. ደብተሩን ለተማሪዋ ባሳያት አለቀሰች። «እትዬ፣ እውነትዎን ነው። አሁን ከነካካሁት ግን ምርቃቴ ይቀራል» አለችኝ። ልጅቷ ደግ ናት፤ ቆጥራ ስትጨርስ ሱቄን ጠርጋልኝ ነበር የምትሄደው። የድኅረ ምረቃ ቢሮ የጸደቀ ጽሑፍ አይከፈትም አለኝ። የአንደኛ ዓመት አስተባባሪው «እኛ ተማሪ ላክን እንጂ ማን እንደሚቆጥራቸው አናውቅም» አሉ። የመጨረሻ ዓመቶቹ መምህር ደግሞ በማስፋፊያ ዕቅዱ እንድበረታ መክረውኝ ሸኙኝ።

5. የማንም ዲግሪ እንዲነካ አልጠይቅም። የምለምነው፣ ከተቆጠሩት ውስጥ የፋኩልቲው ተማሪዎች እንደነበሩ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ከሰኔ 30 በፊት ለአከራዬ እንዲጻፍልኝ ብቻ ነው። የደብተሬን ቅጂ አያይዣለሁ።

ደብዳቤው የአከራዬን ልብ ይመልሰው አይመልሰው አላውቅም። በንግድ ብዙ ጠቦኝ ያውቃል፤ መላ ግን አጥቼ አላውቅም ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ ወዴት እንደምሄድ በየቀኑ ይጠይቁኛል። እስከ ዛሬ የምነግራቸው የለኝም።

ፊትዎን እንደማያዞሩብኝ በማመን፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የዚፕና የክር ሱቁ ባለቤት