ደህና ነው ያለው መለኪያ

ጥቅምት 9 ቀን 1973፣ ባሕር ዳር
ገበያው ቀዝቅዞ ዋለ። አንዲት የመሸንቲ ሴት ጨርቅ ልትገዛ ወደ ሱቃችን በግራ በኩል ገብታ ቆመች። ባሌ ሸረፈዲን አላያትም። «ምነው ባለሱቁ፣ ተኳርፈናል እንዴ?» አለችው። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም...

ጥቅምት 14
ለዓይኑ ክሊኒክ ሄድን። ነርሷ አስተኝታ ዓይኑን አደነዘዘችና ትንሿን የብረት መለኪያ አቆመችበት። «የዓይኑ ግፊት ደህና ነው፤ እንዲያውም ዝቅ ብሏል።» አምና ለግፊቱ የታዘዘለት፣ ዓይኑ ውስጥ ሲጨመር ገበያውን የሚያጨልምበት ጠብታም ቀረለት። አልሐምዱሊላህ። ለሰደቃ ዳቦ ጋገርሁ።

ኅዳር 20
ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለስ ቦይ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ተላጠ። አዲስ አበባ ይታይልኝ ብዬ የይለፍ ወረቀት ጠየቅሁ። ሊቀመንበሩ የክሊኒኩን ወረቀት አየና «ጓድ ዘይነት፣ መለኪያው ደህና ነው ይላል። ባልሽ የቀበሌውን የሌሊት ጥበቃ ተራ ሊሸሽ ነው» አለኝ።
እኔስ ቁጥሩን አምኜ አልነበር?

ጥር 3
እንደገና ተለካ። ያው ቁጥር። ምነው ከፍ ባለ አልሁ በልቤ... ለባሏ በሽታ የምትመኝ ሴት።

መጋቢት 17፣ አዲስ አበባ
በስንት ምልጃ ይለፉ ወጣ። ዶክተር ዓምደ ሚካኤል ቁጭ አድርጎ፣ ሰማያዊ ብርሃን እያበራ በሌላ መሣሪያ ለካው። ከባሕር ዳሩ ከፍ አለ። የትኛው ነው እውነቱ?
«ሁለቱም አሳንሰዋል። የዓይንዎ መስተዋት፣ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ መሐሉ ሳስቶ ሾጥጧል። መሣሪያዎቹ የተሠሩት ለደህናው ቅርጽ ነው። የሳሳው ላይ ብረቱ በቀላሉ ይሰምጥና ግፊት የለም ይላል።»
ከዚያ በመብራት ውስጡን አየ። «ግፊቱ የዓይንዎን ነርቭ አብዛኛውን ገድሎታል። የሞተው አይመለስም» አለ።
ሸረፈዲን የመለኪያው ነገር ቀድሞኝ ገባው። «ስስ አቡጀዲ በጣት ሲጫኑት ማለት ነው» አለ። «የሰውን ጨርቅ ስስ ነው፣ ወፍራም ነው እያልሁ ስኖር የራሴን...»

ሰኔ 2
ዶክተሩ መልሶ ያዘዘው ጠብታ ዘግይቶ ነበር። የቀረችው ብርሃን የቁልፍ ቀዳዳ ታህል ነበር፤ እሷም በግንቦት ሄደች።
ሱቁን እኔ ከፈትሁ። የመሸንቲዋ ሴት መጣች። ዛሬ አልቀለደችም። ሸረፈዲን ጨርቁን በሁለት ጣቱ አሸት አደረገና «ይሄ ስስ ነው፣ አይበረክትልሽም፤ ያኛውን ውሰጂ» አላት። ሌላውን አቀበልሁት። ቀስ ብሎ «ቀለሙ ምንድን ነው?» አለኝ።
«አረንጓዴ» አልሁት። ፊት ለፊቱ ቆሜ እንባዬ ይወርዳል። ሴትዮዋ አይታኝ አንገቷን ደፋች።
«አረንጓዴ ነው፣ ያምርብሻል» አላትና በክንዱ ይለካላት ጀመር።