የእናቴን ድምፅ ስለ ወሰደው ጠንካራ አምፖል፤ ለተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያው ኃላፊ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ቴክኒክ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ በከረምኩባቸው ቀናት ሁሉ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያሉ ይመልሱኝ ስለ ነበር፣ ይህን ሁሉ ስብሰባ ቁጭ ብሎ የሚችል ወገብ እንደምን ያለ ወገብ ይሆን እያልኩ ስለ ጤናዎ መጨነቄ አልቀረም። የወንበርዎ ስፖንጅ አልቆ ከሆነ ያለ ሐሳብ ይላኩልኝ። ያረጀ ሶፋና ወንበር ስፖንጁን ቀይሬ፣ ጨርቅ አልብሼ፣ አሳምሬ የምመልስ ሴት ነኝ፤ ከጣቢያዎ ቁልቁል ሲወርዱ መታጠፊያው ላይ ያለችው ቤት የእኔ ናት።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ለድፍረት አይደለም። ፊት ለፊት ልነግርዎ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ተሳካልኝ፣ እሱም እንዴት እንደ ተፈጸመ ከታች ስለሚያዩት ነው። ጉዳዬ ስለ አንድ የመኪና የኋላ መብራት ነው። ትንሽ ነገር ነው ብለው እንደሚያስቡ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

አንደኛ። ስለ ጠንካራው አምፖል ምስጋናዬን ይቀበሉኝ። አምና መኪናዬን ለዓመታዊ ምርመራ ባመጣሁ ጊዜ መርማሪዎ፣ እኚያ ረጅሙና አንገታቸው ላይ ፊሽካ የሚያንጠለጥሉት፣ ከኋላዬ ቆመው ፍሬን እንድይዝ አዘዙኝና «የኋላ መብራትሽ ደብዛዛ ነው፤ ጠንከር ያለ አምፖል አስገቢበትና ተመለሺ» አሉኝ። መኪናዬ ያረጀች ናት፤ የደበዘዘው አምፖሉ ሳይሆን ፀሐይና አቧራ ያደፈረሰው ቀዩ የፕላስቲክ ሽፋን መሆኑን ያኔ አላወቅኩም፤ እሳቸውም እንዳውቅ አልፈለጉም፤ ወይም እሳቸውም አያውቁም ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል እርስዎ ይፍረዱ። ከግቢዎ አጥር ጋር ተደግፎ ወደ ቆመው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ነገሩን ሳልጨርስለት «ጠንካራው ነዋ!» ብሎ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ከእኔ በፊት የመጣውም፣ ከእኔ በኋላ የቆመውም የፈለገው ያንኑ ነበር። ተመልሼ ፍሬን ስይዝ መርማሪዎ ፊታቸው በራ። «ይኸው፣ አሁን መብራት አየሁ!» አሉና ቦሎዬን ሰጡኝ። አንድ ዜጋ ከመንግሥት ሠራተኛ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ደስታ ማየቱ ብርቅ ስለ ሆነ፣ ቤቴ እስክደርስ ድረስ ፈገግ እያልኩ ነው የነዳሁት።

ሁለተኛ። ያ አምፖል ስላደረገልን ነገር ነው።

አንድ የጥርስ ሐኪም የእንግዳ መቀበያ ወንበሮቹን እንዳድስለት ሰጥቶኝ፣ የተጠናቀቁትን ጣሪያው ላይ አስሬ ላደርስ፣ ላልተጠናቀቁትም ስፖንጁን እዚያው ልለካ ተነሣሁ። እናቴ «እህቴ ጋ ጣል አድርጊኝ» ብላ አብራኝ ወጣች። ጉልበቷ አይታዘዝላትም፤ ለመቀመጥም ለመነሣትም ሰው ይዟት ነው። ከፊት የጨርቅ ጥቅል ጭኜ ስለ ነበር ከኋላ አስቀመጥኳት፤ ከእሷ ጀርባ ደግሞ ስፖንጁ እስከ ጣሪያው ተጠቅጥቋል። መብራቱን ከውስጥ በኩል የሚሸፍነው ክዳን ከወደቀ ቆይቶ ነበርና ስፖንጁ አምፖሉ ከሚሰካበት ቤት ጋር ገጥሟል። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይመዝገብልኝ። የሌሎቻችሁንም ጥፋት የሚመዘግብ ሰው ቢገኝ ደግሞ ደስታውን አልችለውም።

ዳገቱ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ፍሬን እንደ ያዝኩ ቆምኩ፤ የፍሬን መብራት ደግሞ እርስዎ ከማንም በላይ እንደሚያውቁት እግር ፍሬን ላይ እስካለ ድረስ አይጠፋም። ከኋላዬ ያለው የአሸዋ መኪና ሾፌር ጡሩምባውን ለቀቀብኝ። ወዴት ልሂድልህ ብዬ እጄን በመስኮት አወናጨፍኩ፤ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። እናቴ «ልጄ፣ አንድ ነገር ይሸተኛል» አለች። «የመኪና ጭስ ነው እማዬ፤ መስኮቱን ዝጊው» አልኳት። ዘጋችው።

ክቡር ሆይ፣ የዚህን ደብዳቤ ሌላ መስመር ሁሉ ቢረሱ አይከፋኝም፤ ዘጋችው የሚለውን ግን እኔ መርሳት አልቻልኩም።

ሾፌሩ ወርዶ እየሮጠ መጣና መስታወቱን በቡጢ ደበደበ፤ «አንቺ ሴት፣ እሳት ጭነሽ ነው እንዴ የምትሄጂው!» እያለ። ዞር ስል እናቴ አትታየኝም፤ የማየው ቢጫና ጥቁር ጭስ ብቻ ነው። ስፖንጅ እንደ እንጨት አይነድም፤ እየቀለጠ ይጨሳል፣ ጭሱም ጉሮሮ ይይዛል። ሾፌሩ የኋላውን በር በርግዶ የሚንጠባጠበውን ስፖንጅ በባዶ እጁ እየጎተተ አስፋልቱ ላይ ጣለው፤ መዳፉ እስከ ዛሬ ጠባሳ አለው። ሁለት መንገደኞች እናቴን ከነሻሿ አንሥተው የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጧት። እኔ በዚያች ሰዓት ያደረግኩት ነገር ቢኖር ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጭኜ መጮህ ነው። ያን በጡሩምባው ምክንያት የሰደብኩትን ሰው ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ተሰነባበትን፤ በኋላ ግን ፈልጌ አገኘሁት፤ አሁን ቤተ ዘመድ ሆኗል።

እናቴ ሆስፒታል ተኝታ በኦክስጅን ከረመች። ዳነች፤ ምስጋና ይግባው። ድምጿ ግን አልተመለሰም። ከጓዳ ሆና ሦስት ቤት አልፎ ያለ ጎረቤት በስም ጠርታ የምታስመጣ፣ የሰፈሩ ልጆች «ማይክራፎን» የሚሏት ሴት፣ ዛሬ እኔን ለመጥራት ብርጭቆ በማንኪያ ትመታለች። ሐኪሙ «ጭሱ የድምፅ አውታሯን ጎድቶታል» አለኝ። እኔ ደግሞ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ጸጥ ሲልብኝ፣ ቤት ተሳስቼ የገባሁ ይመስለኛል።

ሦስተኛ። መኪናዬን እንዳላቃጥል፣ እናቴንም ደግሜ እንዳልጎዳ ስላደረግኩት ጥረትና እርስዎ ስለ ሰጡኝ ማበረታቻ ነው።

«ሽቦ» የምንለው የመኪና ኤሌክትሪሻን የቀለጠውን ቤት ፍቆ ሲያወጣ፣ አፉ እንዳመጣለት ከሰደበኝ በኋላ፣ «ይሄ ፕላስቲክ የዚህን አምፖል ሙቀት አይችልም፤ ማን ነው አስገቢ ያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማን እንደ ሆነ ነገርኩት። ከዚያ አዲስ ሽፋን አስገጠምንና ኤል ኢ ዲ የሚባለውን፣ ብዙ የማይሞቀውን መብራት እንድሞክር መከረኝ። የመጀመሪያዎቹ ነጭ ነበሩ፤ ከቀዩ ሽፋን ጀርባ ሲበሩ ሮዝ መሰሉ፤ ከጎንም አይታዩም። መርማሪዎ «ይሄ የሠርግ መኪና ነው?» ብለው መለሱኝ። በዚህ እውነታቸውን ነው፤ ያለ ሽሙጥ አመሰግናቸዋለሁ፤ ሽቦንም በተራዬ ሰደብኩት። ሁለተኛዎቹ ራሳቸው ቀይ ናቸው፤ ከኋላም ከጎንም ጥርት ብለው ይታያሉ። ሞተሩን አስነሥተን፣ ታናሽ እህቴ ፍሬን ይዛልኝ፣ እጄ እስኪዝል ድረስ መዳፌን ከውስጥ አምፖሉ ቤት ላይ አሳረፍኩት። ለብ እንኳ አላለም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ በመኪና መብራት የሚያለቅስ ሰው አይተው የማያውቁ ከሆነ እኔን ይዩ።

መርማሪዎ ግን ጎንበስ ብለው አዩና «ከፋብሪካው የወጣው አይደለም፤ አያልፍም» አሉኝ። «አምና ያስገባሁት ጠንካራ አምፖልስ ከፋብሪካው ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እሱማ አምፖል ነው፤ ይሄ ምን እንደ ሆነ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። ከእናቴ ጀርባ ስፖንጅ ያቃጠለው ነገር የሚታወቅ ስለ ሆነ ተፈቅዷል፤ የማያቃጥለው ስላልተለመደ ተከልክሏል ማለታቸው መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ምክንያታቸው ጥልቅ ስለ ሆነ አልፈርድባቸውም።

አራተኛ። እርስዎን በአካል ለማየት ስለ ታደልኩበት ቀን ነው። ከብዙ ስብሰባ በኋላ ደረጃው ላይ ብቅ ሲሉ አገኘሁዎት። በእጄ አንድ ቁራጭ ስፖንጅ፣ የቀለጠውን የአምፖል ቤትና ያንኑ ጠንካራ አምፖል ይዤ ነበር። «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብዬ ለምኜ ከመኪናዬ ባትሪ ጋር አገናኘሁት፤ ስፖንጁን አስጠጋሁለት። ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ተሰበሰቡ። እርስዎ መጀመሪያ ሰዓትዎን፣ ቀጥሎ ስልክዎን አዩ፤ ሦስተኛውን፣ ስፖንጁን፣ ማየት አላስፈለገዎትም፤ ሸተተዎት። መሐረብዎን አፍንጫዎ ላይ አድርገው የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «የእኛ ምርመራ ብርሃንና ቀለም ነው የሚያየው፤ ሙቀት የሚል ነገር የለውም። ደግሞ በግቢው ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነው።» ዘበኛዎ ባልዲ ውኃ ደፉበትና እኔን ከነመኪናዬ ወደ በሩ ሸኙኝ።

ስለ እሳት ያለዎትን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። ከግቢው ውጭ ቢነድ ግድ እንደሌለዎትም ተረድቻለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ልንገርዎ፤ ይህን ጉዳይ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙ ይሻላል። መኪናዬ ቆመች። ወንበሮቹን በጋሪ ማመላለስ ጀመርኩ፤ ዝናብ የመታው አንድ ሶፋ ተመለሰብኝ፤ እኔ ከጋሪው ጋር ስውል የሚደግፋት ያጣችው እናቴም የሐኪም ቀጠሮዋ አመለጣት። በመጨረሻ አጥርዎን ተደግፎ ወደ ቆመው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ አሁን ሥራውን አስፍቷል፤ አምፖል ያከራያል። ሾፌሮች አስገብተው ይገባሉ፣ ያልፋሉ፣ ወጥተው ይመልሱለታል። ከፊቴ የነበረው የታክሲ ሾፌር «ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው፤ አንቺ ከየት ነው የመጣሽው?» አለኝ። አስገባሁ፤ መርማሪዎ «ይኸው!» አሉ፤ አለፍኩ፤ በሩን እንደ ወጣሁ ነቅዬ ቀዩን ኤል ኢ ዲ መለስኩ። ስለዚህ መስታወቴ ላይ የተለጠፈው ቦሎ መኪናዬ ላይ ለሌለ አምፖል የተሰጠ ነው። ይህን በአደባባይ ስጽፍ ሊነጥቁኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ቤቴን ከላይ ነግሬዎታለሁ፤ መጥተው ይንቀሉት። የሚነቅለው ሰው ግን መጀመሪያ ከእናቴ ጋር ይተዋወቅ።

እናቴ እሳቱ ከተነሣበት ቀን ወዲህ መኪና ውስጥ አልገባም ብላ ነበር። ባለፈው ሰሞን እህቷ ታመመችባትና ልትጠይቃት ግድ ሆነ። በክንዴ ተደግፋ ወጣች፤ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ መኪናው ጀርባ ሄደች። ፍሬን እንድይዝ በጣቷ አመለከተችኝ። መብራቱ በርቶ እያለ መዳፏን አስገብታ ከውስጥ በኩል ለጠፈችበት፤ ረጅም ጊዜ አላነሣችውም፤ እኔም እግሬን ከፍሬኑ ላይ አላነሣሁም። ከዚያ ዞራ መጥታ፣ በዚያች በቀረቻት ሹክሹክታ፣ «ቀዝቃዛ ነው፤ እንሂድ» አለችኝና ገባች። መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው። ዛሬም ሳትነካው አትገባም።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። መርማሪዎችዎ ብርሃኑንና ቀለሙን ካዩ በኋላ፣ ፍሬን ተይዞ ትንሽ ከቆየ፣ እጃቸውን ያሳርፉበት። ሽፋኑ የደፈረሰበትን ሰው ሽፋን ቀይር ይበሉት እንጂ እሳት ጨምር አይበሉት። የትኛው ኤል ኢ ዲ እንደሚፈቀድ፣ የትኛው እንደማይፈቀድ በሩ ላይ ጽፈው ይለጥፉልን፤ ነጩን ገዝቶ እንደ እኔ የሚሳሳት እንዳይኖር። ለዚህ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግዎትም፤ መዳፍ ያለው ሠራተኛ ይበቃዎታል።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ለዘበኛዎ ባልዲ፣ ለጸሐፊዎ ትዕግሥት፣ በመርማሪዎ ፊት ላይ ላየሁት የማይረሳ ደስታ ያለኝን ምስጋና እያቀረብኩ፣ ስብሰባዎ እንዲሰምርልዎ፣ ወገብዎ እንዲጸናልዎ፣ ከግቢዎ ውስጥም ከውጭውም ጭስ ፈጣሪ እንዲጠብቅዎ እመኛለሁ።

እጅ ነሥቼ፣
ከመታጠፊያው ያለችው ሶፋ አዳሽ፣
የማይክራፎን ልጅ

ተጨማሪ፦ ዘበኛዎ እየሸኙኝ ሳለ፣ ዛፉ ጥላ ሥር የቆመችውን የግል መኪናዎን አየሁ። የቀኙ የኋላ መብራት ሽፋን እንደ ተቃጠለ ቆዳ ፊኛ አውጥቷል፤ በስተኋላ ወንበሩ ላይም የሕፃን መቀመጫ ታስሯል። ለዘበኛዎ ባሳያቸው «የአለቃ መኪና ላይ ዓይንሽን ምን ጣለው?» ብለው ተቆጡኝ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ እንደ ፈለጉ ይተርጉሙት፤ ይህን ግን እለምንዎታለሁ፣ አምፖሉን ዛሬውኑ ያስነቅሉት። እስከዚያው ልጁን አቅፈው በእግርዎ ይውሰዱት።