የአባዬ አምስት ሸሚዞች

ጁን 7፣ 2014፣ ቅዳሜ

ዛሬም ኦቨርታይም ገባሁ። የምሠራበት የኖርክሮሱ መጋዘን ሙቀት አይጣል ነው። ቤት ስደርስ አባዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ፓርኪንጉን ያያሉ። ሊጠይቁን ከመጡ ስድስት ወር ሊሞላቸው ነው። አሜሪካ መጥተው ያዩት ይህን ፓርኪንግ ብቻ ነው።

ጁን 11፣ ረቡዕ

አባዬ ማክሰኞ ወደ አገር ቤት ይመለሳሉ። እራት ላይ «የሰፈር ሰው ምን አየህ ቢለኝ ምን እላለሁ?» አሉ። ቅሬታ የለበትም ድምፃቸው። እሱ ነው የባሰብኝ። «ቅዳሜ እወስድዎታለሁ» ያልኩት ስንት ጊዜ ነው? ሚስቴ ማርታ እኔን አየት አድርጋ ሳህን አነሳች።

እሁድን ኦፍ ጠየቅኩ። ወዲያው ተሰጠኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?

ጁን 15፣ እሁድ

ማርታ ሥራ ገብታለች። አባዬ ፌስታል ይዘው ወጡ... አምስት ሸሚዝና አንድ ካፖርት!

«ይህ ሁሉ ለምንዎ ነው?»

«በየቦታው እቀይራለሁ። ፎቶውን አይተው፣ ልጁ በአንድ ቀን አዙሮ ተገላገለው እንዳይሉህ።»

ሳቅኩ። ወዲያው ሳቄ ጠፋ።

መጀመሪያ ቻታሁቺ ወንዝ፣ በነጩ ሸሚዝ። ካልነካሁት ብለው ውሃው ዳር ወረዱ፤ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆነ። ቀጥሎ ስቶን ማውንቴን የሚሉት ግዙፍ አለት፣ በካፖርት። በዚህ ሙቀት! ዛፉ ሁሉ ለምልሞ ፎቶውን ማን የብርዱ ክረምት ነው ብሎ ያምናል? አለቱ ላይ የተቀረጹት ፈረሰኞች እነማን ናቸው አሉኝ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተሸነፉ አለቆች ናቸው አልኩ። «ለተሸናፊ ይህን ያህል ድንጋይ?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እስከ ጫፉ ወጡ። ሦስት ጊዜ ያረፍኩት እኔ ነኝ። ከላይ ከተማው ይታያል። «መጋዘንህ በየት በኩል ነው?» በግምት ጠቆምኩ። ወደዚያ ሲያዩ ቆዩ።

ከዚያ ፒድሞንት ፓርክ፣ ከዚያ መሀል ከተማ፣ ከዚያ ዓሣ የሚታይበት አኳሪየም። መኪና ውስጥ ሸሚዝ ሲቀይሩ አንዷ ፈረንጅ አይታ ክው አለች።

ጁን 17፣ ማክሰኞ

ሸኘኋቸው። ፎቶዎቹን አሳትሜ ቦርሳቸው ውስጥ ከትቻለሁ። ቤቱ ጭር አለ።

ጁላይ 9፣ ረቡዕ

እህቴ የሺእመቤት ከአዲስ አበባ ደወለች። ሳቋ አላናግራት አለ።

«አንዷለም፣ ፎቶዎቹ ላይ ሸሚዙ አምስት፣ ጫማው አንድ! ያውም ከነጭቃው! ዓሣዎቹ ጋ ሳይቀር!»

አፈርኩ። «ሰውስ አየ?» አልኳት።

«እድርተኛው በሙሉ። አንዱማ ስለ ጫማው ጠየቀ። አባዬ ምን አሉ መሰለህ? ‹ልጄ የገዛልኝ ነው፤ ክረምት ከበጋ ከእግሬ አላወልቀውም!›»

ስልኩን ዘጋሁ።

ጫማውን የገዛችላቸው ማርታ ናት። በመጡ በሳምንቱ፣ ሱቅ ይዛቸው ሄዳ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። አባዬ ይህን አይረሱም፤ ለእኔ ብለው ነው።

የቅዳሜ ሺፍቴን ለቀቅኩ። ማርታን ስቶን ማውንቴን እወስዳታለሁ። ስምንት ዓመት እዚህ ኖራ እሷም አላየችውም።